አይሪስ በክረምት መግቢያ

ፈረንጆቹ ግንቦት ማለቂያንና ሰኔን የበጋ መግቢያ ይሉታል። በእኛ አገር ግን ይህ ሰሞን ጣሪያ የሚታይበት፣ አሸንዳ የሚጠረግበት፣ የልጆች ቦት ጫማ «ዘንድሮም ይሆናቸው ይሆን?» ተብሎ ከአልጋ ሥር የሚወጣበት ነው። ያም ሆኖ ደጁ ላይ አንድ ክንድ አፈር ያለው ሰው፣ አዲስ አበባም ይኑር ሜሪላንድ፣ በዚህ ሰሞን የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ በነጠላ ጫማ ወጥቶ ትናንት ማታ ያልነበረ ምን እንደበቀለ እየዞረ ያያል።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ወር ጨዋታችን ስለዚያ የጠዋት ዙረት ነው። በተለይ ደግሞ ስለ አንዲት አበባና እሷን ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ስለማሻገር።

የሰሞኑ ደስታ

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ቀኔ የሚያልፈው «ይህን ያህል ብር አውጥተን ስንት ደንበኛ አመጣን?» በሚል ስሌት ነው። አትክልት ለዚህ ስሌት አይመችም። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት አያቀርብም፤ የሚሰጠውን ሲሰጥም ብዙውን ጊዜ ያልጠየቅነውን ነው። ጎመን ዘርተን ጎመኑን ቀንድ አውጣ ይበላውና፣ ማንም ያልዘራው የዱባ ሐረግ ከማዳበሪያው ክምር ውስጥ ተነስቶ አጥሩን ያለብሰዋል።

የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉ ግን ምንም ስሌት አያስፈልግም። የደረቀ አፈር ውሃ ሲነካው የሚሰጠውን ሽታ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በማግሥቱ ጤና አዳሙ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ በሶብላው ቡቃያ ያወጣል፣ ጽጌረዳዋ ከአቧራ ታጥባ አዲስ ቀለም የተቀባች ትመስላለች። ኮኩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ልጆቹ ግን በየቀኑ እየጨበጡ «አልደረሰም?» ይላሉ። የእሑድ ቡና ደጅ የሚፈላበት፣ ደመናው ሲከብድ ደግሞ ረከቦቱንና ሲኒውን ተሸክሞ ወደ በረንዳ የሚሮጥበት ወቅት ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ይህ ሁሉ የለም፤ ጭቃውና ጉሙ ወደ ቤት ያስገባናል። ስለዚህ የግንቦትና የሰኔ ጠዋቶች ጥቂት ናቸው፤ ባይባክኑ ጥሩ ነው።

ስሟ ቀስተ ደመና ነው

አይሪስ ስሟን ያገኘችው ከግሪኮች ነው። በእነሱ ተረት አይሪስ የቀስተ ደመና አምላክ ነበረች፤ ከሰማይ ወደ ምድር መልእክት ይዛ የምትመላለስ። ስሙ የተገባ ነው። ወደ 300 የሚጠጉት የአይሪስ ዝርያዎች ከነጭ እስከ ጥቁር የሚጠጋ ሐምራዊ፣ ከሎሚ ቢጫ እስከ ሰማያዊ የሌላቸው ቀለም ጥቂት ነው። አበባዋን ለማወቅ ስድስት ቅጠል መቁጠር ይበቃል፤ ሦስቱ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ሦስቱ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳሉ። በብዙዎቹ ዝርያዎች በወረዱት ሦስቱ ላይ እንደ ጺም ያለ ጸጉር ወይም ደማቅ ምልክት አለ፤ ንብን «በዚህ በኩል ግቢ» የሚል ታፔላ ማለት ነው። የእኔ ሙያ ከመፈጠሩ እጅግ በፊት አይሪስ ማስታወቂያ ታውቅ ነበር።

ሰዎችም ለዚህች አበባ ብዙ ከፍለዋል። ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1889 ደቡብ ፈረንሳይ ሳን ሬሚ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ እንደገባ፣ በግቢው የአትክልት ሥፍራ ያገኛቸውን አይሪሶች ሣለ። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1987 በጨረታ 53.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በዚያን ጊዜ ለአንድ ሥዕል የተከፈለ ከፍተኛው ዋጋ ነበር። ገዢው አውስትራሊያዊ ባለሀብት ግን የተበደረውን ገንዘብ መክፈል አቃተውና ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1990 ሎስ አንጀለስ ወዳለው የጌቲ ሙዚየም ተዛወረ። እውነተኛዋ አበባ ግን ከጎረቤት በነጻ ትገኛለች።

በሽቶ ፋብሪካም ትፈለጋለች። በጣሊያን ፍሎረንስ አካባቢ የአንዳንድ አይሪሶች ሥር ተቆፍሮ ይላጥና ለዓመታት እንዲደርቅ ይቀመጣል። ሲቆፈር ብዙም የማይሸተው ሥር በቆይታ ብዛት የቫዮሌት አበባ የሚመስል መዓዛ ያወጣል፤ ውድ ከሚባሉት የሽቶ ግብዓቶችም አንዱ ነው። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ ከቀይ ባሕር ማዶ በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ የሚበቅል ነጭ አይሪስ አለ፤ ሙስሊሞች በመቃብር ላይ እየተከሉት ከአገር አገር አብሯቸው ተጉዟል። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በእስራኤሏ ነታንያ ከተማም በባሕሩ ዳርቻ የሚያብብ ጠቆር ያለ ሐምራዊ አይሪስ አለ፤ በየካቲትና በመጋቢት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ሊያዩት ይወጣሉ።

የእኛዋ አይሪስ

አሁን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። በፈረንጅ መጽሔት ላይ የምናየው ትልቁ፣ ጺማሙ አይሪስ የቀዝቃዛ አገር ልጅ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ በደንብ ለማበብ የፈረንጅ ክረምት ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፤ እርጥብ አፈር ላይ ደግሞ ሥራቸው ይበሰብሳል። የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ለእነሱ የሚመች አይደለም።

እህቴ ሜሪላንድ ውስጥ ደጇ ላይ አላት። በየግንቦቱ ፎቶዋን ትልክልናለች፤ እናቴም በየዓመቱ «አንዷን ሥር በሻንጣ ይዘሽ ነይ» ትላታለች። ይህ ግን አይደረግም። ተክል ከአገር ወደ አገር የሚሻገረው በፈቃድና በእፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ነው፤ ምክንያትም አለው። በምሥራቅ አሜሪካ የአይሪስን ሥር ውስጥ ውስጡን የሚበላ ትል አለ። እንዲህ ያለ እንግዳ በሻንጣ ቢገባ ማን ያስወጣዋል?

ደግሞስ ለምን እንቸገራለን? የአይሪስ ቤተሰብ እዚሁ አለ። ሳይንሳዊ ስሟ ዲየተስ የሆነ፣ ብዙ ሰው የአፍሪካ አይሪስ የሚላት ተክል ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በተፈጥሮ የምትበቅል ናት። በየመንገዱ ዳር ካሉ ችግኝ መሸጫዎችም ትገኛለች። ምናልባት በየቀኑ አልፋችኋት ትሄዳላችሁ፤ ቅጠሏ እንደ ሰይፍ የቀጠነና ቀጥ ያለ፣ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። አበባዋ ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ቢጫ ነጥብና ሐምራዊ ጣት የመሰለ ነገር አለው። ቀለሟ ሎሚ ቢጫ ሆኖ ጠቆር ያለ ነጥብ ያላት ሌላ ዓይነትም አለች፤ የዚያችኛዋ አገር ደቡብ አፍሪካ ነው።

የነጭዋ አንድ አበባ የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት ይፈካል፣ ማታ ይጠቀለላል። ግን ከአንድ ዘንግ ላይ ተራ በተራ ብዙ እምቡጥ ይወጣል፤ አንዱ ዙር ሲያልቅ ትንሽ አርፋ ሌላ ዙር ትጀምራለች። በእንግሊዝኛ «የሁለት ሳምንት አበባ» የሚል ስም ያወጡላትም ለዚህ ነው።

ዘመዶቿም በየደጋው አሉ። አሪስቴያ አቢሲኒካ የምትባለው ትንሽ ሰማያዊ አበባ ስሟን ከአገራችን ወስዳለች። በውጭ የአበባ ሻጮች «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» እያሉ ሥሯን የሚሸጧት፣ ነጭ ሆና መሐሏ ጠቆር ያለ ሐምራዊ የሆነች መዓዛማ አበባም ከአይሪስ ቤተሰብ ናት፤ ከትውልድ አገሮቿ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እነዚህን በሽርሽር ላይ ብታገኟቸው ግን ለልጆች አሳዩና ባሉበት ተዉአቸው።

የእናቴ መደብ

ስለዚህች አበባ ዘንድሮ የጻፍኩት በምክንያት ነው። እናቴ በሐምሌ እኛ ጋ ልትገባ ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው፤ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። ሌሊት ብትወድቅ ማን ይሰማል የሚለው ሐሳብ እኔንም እህቴንም እንቅልፍ ይነሳን ነበር። ቤቱ ይከራያል፤ ተከራዩ ሁለት መኪና ስላለው ግቢውን ማስነጠፍ ይፈልጋል። ሰውዬው ያጠፋው የለም፤ መኪናውን የት ያቁም?

እናቴ ስለ ቤቱ ብዙም አልተናገረችም። ስለ ዕቃውም «ሶፋው ለእናንተ አይሆንም፣ ለሰው ስጡት» አለች። አንድ ቀን ማለዳ ግን ከአጥሩ ሥር ያለው መደብ አጠገብ ቆማ፣ «እነዚህን ማን ያያቸዋል?» አለችኝ። መደቡ ወደ ሰባት ሜትር ይረዝማል፤ ከዳር እስከ ዳር አይሪስ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ እኔ ገና በእግሬ መሄድ ስጀምር፣ አንዲት ጎረቤታችን በኩሽና ቢላዋ ቆርጠው፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ከሰጧት አንድ እፍኝ ሥር የተነሳ ነው። ጎረቤታችን ካረፉ ቆይተዋል። አበባቸው ግን በየዙሩ ይወጣል።

እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ነው። ከብሎካችን ጀርባ፣ በደረጃውና በአጥሩ መካከል፣ የግንባታ ፍርስራሽ የተጣለበት ሁለት በዘጠኝ ሜትር የሚሆን ባዶ መሬት አለ። ለነዋሪዎች ኮሚቴ አመለከትኩ። ስብሰባው ቀላል አልነበረም። አንዱ «ለሞተር ብስክሌት ማቆሚያ ይሁን» አለ፤ ሌላዋ «አበባ ካለ ትንኝ ይመጣል» አለች፤ አንድ አባት ደግሞ «ተክላችሁ ትሄዱና ማን ሊያጠጣው ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ የሥራዬ አመል ሆኖ ሠንጠረዥ ሠርቼ ነበር የሄድኩት፤ ወጪ፣ ጊዜ፣ ኃላፊ። ማንም አላየውም። ነገሩን ያዞረው ባለቤቴ የተናገረችው ነው፤ «አማቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ከምትቀመጥ ታጠጣላችኋለች፤ ልጆቻችሁንም ታይላችኋለች» አለች። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ እስከ መስከረም ይሞከር፤ ካማረ ይቀጥላል፣ ካላማረ ኮብልስቶን ይነጠፋል።

ስለዚህ ዘንድሮ የክረምቱ ዝናብ ለእኛ ቤት ሥራ አለው። ከሰባት ሜትሩ መደብ ግማሹ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ይሄዳል፤ ግማሹን እናቴ እስከ ዕድሯ ሰዎች ድረስ እያከፋፈለችው ነው። አንዳንዶቹን ሳያት የምትሰጠው ተክል ብቻ አይመስለኝም፤ «መጥታችሁ ጠይቁኝ» የሚል አደራም አብሮ አለበት።

ሥሩ እንዴት ይከፈላል?

አይሪስ በሥሯ ስለምትራባ ከሦስትና ከአራት ዓመት በላይ አንድ ቦታ ስትቆይ ትጨናነቃለች፤ አበባዋም ይቀንሳል። መክፈል ለአሮጌዋም ለአዲሷም ይጠቅማል። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው።

1. ጊዜ፦ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰው በኋላ፣ በሰኔ፣ ደመናማ ከሰዓት በኋላ ምረጡ። ተክሏ በፀሐይ ሳትጠወልግ ሥር ለመስደድ ጊዜ ታገኛለች።

2. ማውጣት፦ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍሩና ከነአፈሩ አንሱ። እየጎተቱ መንቀል ሥሩን ይበጥሳል።

3. መክፈል፦ አፈሩን አራግፉና በስለታም ቢላዋ ቁረጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ ከሦስት እስከ አምስት ቅጠልና የራሱ ሥር ይኑረው። የለሰለሰና የሚሸት ሥር ካገኛችሁ ጣሉት፤ ቢላዋውንም በበረኪና ውሃ ጠርጋችሁ ቀጥሉ።

4. ቅጠል ማሳጠር፦ ቅጠሉን በመቀስ ወደ ግማሽ አሳጥሩት። ሥሩ ገና ባልያዘበት ጊዜ ረጅም ቅጠል ውሃ ያባክናል፤ ነፋስም ይጥለዋል።

5. መደብ፦ የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጥቁር አፈር የሚያርሱ ገበሬዎቻችን ማሳቸውን በመደብና በቦይ እያዘጋጁ ውሃውን እንደሚያሳልፉት ሁሉ፣ እናንተም መደቡን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ አትጨምሩ፤ ሥሩን ያቃጥላል።

6. መትከል፦ ቀድሞ በነበረችበት ጥልቀት ትከሏት፤ በመካከል ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። መጀመሪያ ሲታይ የተራራቀ ይመስላል፤ በሁለት ዓመት ይገጥማል። በቀዝቃዛ አገር የምትኖሩና ጺማሙን አይሪስ የምትተክሉ ደግሞ የሥሩን ጀርባ አፈር አታልብሱት፤ ፀሐይ ይየው። የእናንተ የመክፈያ ጊዜም አበባው ካለፈ በኋላ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው።

7. ዘንጉን አትቁረጡ፦ ብዙ አትክልተኛ አበባው ሲረግፍ ዘንጉን ከሥሩ ይቆርጠዋል። የነጭዋ የአፍሪካ አይሪስ ዘንግ ግን በሚቀጥለው ጊዜም ስለሚያብብ የጠወለገውን አበባ ብቻ ቀንጥሱ። አንዳንዴም ዘንጉ ላይ ትንሽ ችግኝ ታወጣለች፤ መሬት ስትነካ ራሷን ትተክላለች።

ከያዘች በኋላ ብዙ አታስቸግርም። በበጋ በሳምንት አንዴ ጥሩ አድርጎ ማጠጣት ይበቃታል፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ካገኘች ታብባለች።

በረንዳ ብቻ ላላችሁ

መሬት የሌለው ሰው አይከፋ። ከ30 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ስፋት ያለው የአበባ ሳክሲ፣ ወይም አፉ የተቆረጠና ሥሩ የተበሳ የዘይት ጀሪካን ይሆናታል። ዋናው ነገር ውሃ መውጫ መኖሩ ነው። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ስትሞላ አውጥታችሁ ትከፍላላችሁ፤ ግማሹ ለጎረቤት ይሆናል። ሳክሲውን ጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ በኩል አስቀምጡ። ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ወቅት ከሥሩ ያለውን ሳህን አንሱት፤ ውሃ እንዳይቋጥር።

ልጆችን በሥራው አስገቧቸው። የእኛዎቹ የሰባትና የአራት ዓመት ልጆች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁራጭ አላቸው፣ በአይስክሬም እንጨት ላይም ስማቸው ተጽፎ ተሰክቷል። «የእኔ ቀደመ» የሚለው ክርክር ከቴሌቪዥን በላይ ይይዛቸዋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የአይሪስ ሥር የሚበላ አይደለም፤ ሆድ ያውካል፣ ያስታውካል። ለውሻና ለድመትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የተቆረጠውን ሥር መሬት ላይ አትተዉ፤ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ለዚህ ወር

እናቴ ባለፈው ሳምንት መጥታ ባዶውን መሬት አየችው። ፍርስራሹን አጽድተን ሦስት ከረጢት ድንጋይ አውጥተናል። አፈሩን ቆንጥራ በጣቷ አሸችና «ይሄ መረሬ ነው፤ ከፍ ካላደረጋችሁት ውሃ ይተኛበታል» አለች። ትንኝ ይመጣል ያለችው ጎረቤታችን በመስኮት ሆና ትሰማ ነበር። በማግሥቱ በራችንን አንኳኩታ «ለእኔም ከተረፈ…» አለች። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቁራጮች የሚተከሉት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፤ አንዷ የእሷ ናት። ኮሚቴው መስከረም ላይ ምን እንደሚወስን አላውቅም። አዲስ የተተከለ አይሪስ በመጀመሪያው ክረምት ቅጠል እንጂ ብዙ አበባ አይሰጥም፤ ይህንንም ለኮሚቴው ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

እናንተም በዚህ ሰሞን እናታችሁ፣ አያታችሁ ወይም የድሮ ጎረቤታችሁ ቤት ስትሄዱ ደጁን እዩት። የምትወዱት ተክል ካለ ሥሩን ለምኑ፤ ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ቢላዋና አሮጌ ጋዜጣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰኔ አፈሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

መልካም የክረምት መግቢያ።